የእናቴ ወይንና የኤዶ ሩቂያ ሄል

«ከድሬ ፀሐይ ቀጥሎ የሚያቃጥለው የልጄ ምላስ ነው» ይላል አባቴ። እውነቱን ነው። ቶሎ እናደዳለሁ፣ ቶሎም ይበርድልኛል፤ በመሃል የምለው ነገር ግን ለሰው ይተርፋል። ይህን ከወዲሁ የምነግራችሁ ኋላ ላይ አንዲት ፆመኛ ሴት ላይ ስጮህ ስትሰሙኝ እንዳትደነግጡ ነው።

ማርታ እባላለሁ። ያኔ ከዚራ ሰፈር፣ በአንድ አሮጌ ቪላ ውስጥ በተከፈተ ትንሽ የግል ቤተ ሙከራ ነበር የምሠራው። ሥራችን ቲሹ ካልቸር ነው። ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ከአንድ ተክል ላይ ጥፍር የምታክል ቡቃያ ትቆረጣለች፤ ታጥባ ጀርም በሌለበት ጠርሙስ ውስጥ፣ ምግቧ ላይ ትተከላለች። እዚያ ታድጋለች፣ ሥር ታወጣለች፣ ከዚያ ቀስ እያለች አፈር ትለምዳለች። ምግቧ ስኳርና ማዕድን የገባበት ውሃ ነው። ውሃውን እንዲሁ ብትሰጧት ግን ሰጥማ ትታፈናለች፤ ስለዚህ እንደ ጄሊ መርጋት አለበት። የሚያረጋው አጋር የሚባል፣ ከባህር አረም የሚወጣ ነጭ ዱቄት ነው። ከዚያው ከባህር አረም ተጨምቆ የሚመጣ ጥቁር ፈሳሽም አለን፤ ጥቂት ጠብ ሲደረግበት ቡቃያዋን ለሥር ያነቃቃታል። እኔ ባህር አይቼ አላውቅም፤ እንጀራዬ ግን ከባህር ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ወይኗ ልምጣ።

እናቴ አስካለ በግቢያችን የተከለቻት የወይን ሐረግ ነበረች። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ በባቡሩ ፈረንሳይኛ «ሙሴ ዘውዴ»፣ አቶ ዘውዴ፣ ነው የሚለው። ከአትሊዬው፣ ከባቡሩ መጠገኛ ቤት፣ የተጣለ ቧንቧ እየለቀመ ለወይኗ የብረት ዳስ ሠራላት። በሙቀቱ ወራት አልጋችንን አውጥተን ከሥሯ ነበር የምንተኛው። እኔ ሀ ሁን የቆጠርኩት ከሥሯ ተጋድሜ ነው፤ ወንድሜ ዳዊት ጥርሱን የሰበረው ከሷ ላይ ወድቆ ነው።

እናቴ አረፈች። በዚያው ክረምት የመንገዱ ፍሳሽ አቅጣጫውን ስቶ ግቢያችን ገባና የወይኗ ሥር በሰበሰ። ቅርንጫፎቿ አንድ በአንድ ደረቁ። አባቴ በየቀኑ ወንበሩን አውጥቶ ከባዶው ብረት ሥር ይቀመጥ ነበር። ሲያናግሩት «እ» ይላል፣ ሌላ የለም። ያ ቀልደኛ ሰውዬ፣ ከመንገድ ማዶ ሰው እየጠራ የሚተርበው ሰውዬ፣ ድምፁ ጠፋ። እኔ ደግሞ ያንን ባየሁ ቁጥር ጓዳ ገብቼ አለቅስ ነበር።

ከወይኗ ጫፍ ላይ የቀረችውን አንድ አረንጓዴ ቡቃያ ቆርጬ ወደ ሥራ ቦታዬ ወሰድኳት። አለቃዬ ደግ ሰው ስለነበረ «ጥግ ላይ አስቀምጫት» አለኝ። በጠርሙስ ውስጥ በዛችልኝ። ሥር ግን ገና አላወጣችም ነበር።

ዳዊት አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። «አባዬን እዚህ ብቻውን ደርቆ ሲቀር አላይም፤ ቅዳሜ መጥቼ እወስደዋለሁ» ብሎ ደወለ። አባቴን ጠየቅኩት።

«ወይኗ ከዳነች እቆያለሁ» አለኝ። «ካልዳነች እዚህ ምን አስቀመጠኝ?»

ከብዙ ጊዜ በኋላ የተናገረው ረጅም ነገር ይኸው ነበር። አባቴ ከድሬ ወጥቶ አንድ ክረምት እንደማይከርም ደግሞ አውቃለሁ። ሰላምታ የሚሰጠው ሰው፣ የሚተርበው ሰው፣ ቀን ሁለት ጊዜ የሚዞራት ከዚራ፣ ሁሉም እዚህ ነው። እዚያ አራተኛ ፎቅ ላይ ካርቶን ውስጥ እንዳለች ጫጩት ነው የሚሆነው።

መጥፎ ነገር ተያይዞ ነው የሚመጣው። በዚያው ሳምንት ቤተ ሙከራው ተዘጋ። አጋሩ አለቀ፣ የታዘዘው አልመጣም፣ መብራቱም በሄደ ቁጥር ክፍሉ ይጋላል። አለቃዬ «ለጊዜው ነው» አለና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። እኔም የወይኗን ጠርሙሶች፣ ወረንጦዬን፣ የማዕድን ውሁዱንና የጥቁሩን ፈሳሽ ጠርሙስ በካርቶን ይዤ በባጃጅ ወደ ቤት ገባሁ። የቡቃያዎቹ ምግብ ደርቆ ቅጠላቸው ቢጫ መሆን ጀምሯል። ቶሎ ካልተዛወሩ አለቀላቸው።

ሐሙስ ጠዋት ከሱፐርማርኬት ጄላቲን የሚል ፓኬት ገዛሁ። ጄሊ ያረጋል፣ እኔም የምፈልገው ማርጋት ነው፤ ምን ልዩነት አለው ብዬ። ምግቡን አዘጋጀሁ፣ ፍሪጅ ውስጥ ጥርት ብሎ ረጋልኝ። ደስ አለኝ! አብዛኞቹን ቡቃያዎች ተከልኩ፣ ጠርሙሶቹን ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ፣ ምሳ ልሠራ ገባሁ።

ስመለስ ሁሉም ውሃ ሆኗል። ቡቃያዎቹ በጎናቸው ተኝተው ይንሳፈፋሉ። የድሬ ቀትር እንኳን ጄላቲን እኔንም ያቀልጣል። አንዷን በወረንጦ ሳወጣት እጄ ላይ ተልፈሰፈሰች። ልቤ ተቆረጠ።

ኤዶ ሩቂያ የገባችው ያኔ ነው። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። የደም ዝምድና የለንም፤ አጥራችን አንድ ነው፣ የእናቴ የልብ ወዳጅ ነበረች። አሸዋ ሰፈር ከጅቡቲ የሚመጣ ዕቃ የምትሸጥበት ሱቅ አላት። «አንቺ» ስላት እንዳይገርማችሁ፤ ድሬ ላይ አንቱታ እንደ ካፖርት ነው፣ ለሙቀቱ አይሆንም። ረመዳን ስለነበረ ከንፈሯ ደርቋል።

«ናያ ማርቲ! ይሄ ምንድነው፣ ሾርባ ነው?»

«ተይኝ ኤዶ፣ የእማዬ ወይን ነው። ጄሊው ቀልጦ ገደላቸው።»

ጠርሙሱን አንስታ ወዘወዘችው። ከዚያ ፓኬቱን አየችና አፏን በሻሿ ይዛ ሳቀች።

«የከብቱን ገዛሽ እንዴ! አቦ፣ ይሄ እኮ ከአጥንት ነው የሚሠራው። እኛ አንነካውም፤ ከምን አጥንት እንደሆነ ማን ያውቃል? ደግሞ ለድሬ አይሆንም። ለኢፍጣር ብትሠሪው አዛን ሳይል ሸርበት ይሆናል።»

«ታዲያ እናንተ የረመዳኑን ጄሊ በምንድነው የምታረጉት?»

«በባህሩ ነዋ። የባህር ሣር ነው ይላሉ፣ ከጅቡቲ ነው የሚመጣልኝ። ጠረጴዛ ላይ ቢውል ንቅንቅ አይልም።»

እኔ ከወንበሬ እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። «የባህር ሣር አልሽ? ነጭ ዱቄት ነው? ቀለም የሌለው? ስኳር የሌለው?»

«ምን ሆንሽ አንቺ ልጅ? አዎ፣ ነጭ ነው።»

አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። በየዓመቱ ረመዳን በመጣ ቁጥር ከአጥሩ ማዶ በሳህን የምትልክልኝ፣ እየነቀነቅኩ የምበላው ጄሊ ለካ ከሥራ ቦታዬ ጠርሙስ ውስጥ ካለው ጋር የአንድ ባህር ልጅ ነው! እየበላሁት አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

ችግሩ ሱቋ ውስጥ የቀረው አንድ ፓኬት ብቻ መሆኑ ነው። የሚመጣው ዕቃ መንገድ ላይ ነው፤ ቀፊራ ገበያንም ዞርን፣ የለም። ያንን ፓኬት ደግሞ ኤዶ ለራሷ ነበር ያስቀረችው፤ አርብ ማታ አዲሶቹ አማቾቿ ሊያፈጥሩ ይመጣሉ። ትንሽ አሰበች።

«ግማሽ ለአማቾቼ፣ ግማሽ ለአስካለ» አለች። «ሀዬ፣ ነገ እኔ ቤት እንሥራው። ጋዝ አለኝ፣ የሚያፏጨው ድስትም አለኝ።»

የዚያኑ ዕለት ትንሽ ቆንጥሬ በብርጭቆ አረጋሁና አርብ ጠዋት ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት። እኩለ ቀን ሲሆን ገልብጬ አየሁት። አልወደቀም። በጣቴ ነካሁት፤ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እንዲህ ደስ ብሎኝ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ለክፉ ቀን ብዬ ሐሙስ ያልነካኋቸው ሦስት ቡቃያዎች ነበሩኝ። ከዚያ በቀር የእናቴ ወይን በዓለም ላይ የለችም።

ሁለቱ ግቢዎች መሃል ትንሽ በር አለች። አርብ ዕለት ዕቃዬን ተሸክሜ ወደ ኤዶ ወጥ ቤት ስመላለስ አባቴ እንደልማዱ ከብረቱ ሥር ተቀምጧል። አጠገቡ ቆሜ የጥቁሩን ፈሳሽ ክዳን ከፈትኩ። ሽታውን አልዋሻችሁም፣ ይከብዳል፤ ዓሣ ዓሣ፣ ጨው ጨው ይላል።

አባቴ ቀና አለ። አፍንጫው ተንቀሳቀሰ።

«ጅቡቲ» አለ።

«ምን አልክ አባዬ?»

«ጅቡቲ ነው እንጂ! ባህሩ ሲሸሽ የሚሸተው። ከየት አመጣሽው?»

«የባህር አረም ጭማቂ ነው። ለእማዬ ወይን ነው፣ ሥር እንድታወጣ።»

ጠርሙሱን ከእጄ ወሰደና አሸተተው፣ ደግሞ አሸተተው። ከዚያ መሳቅ ጀመረ። ያ የጠፋው ሳቅ!

«ባቡር ሲበላሽብን ጅቡቲ እወርድ አልነበር? አንዴ እናትሽን ይዣት ወረድኩ፤ ባህር ላሳያት። ስንደርስ ባህሩ ሸሽቷል፤ ያለው ጭቃና አረም ብቻ ነው፣ ሽታው ይኸው ራሱ። ‘ባህር ላሳይሽ ብለህ ጭቃ አሳየኸኝ?’ አለችኝ። ተናደደች፤ አንቺን ነበር የምትመስለው። ‘ይመለሳል፣ ቁጭ በይ’ አልኳት። ተቀምጠን ጠበቅነው።»

«ተመለሰ?»

«እግሯ ድረስ ነዋ! ጫማዋን ይዞባት ሊሄድ!»

እየሳቀ እንባው ወረደ፤ የኔም ወረደ። ከዚያ ወንበሩን ትቶ ተነሳና «ምን ላግዝሽ?» አለኝ።

የሚያግዘው ሞልቷል። ቡቃያዎቹን ስናዛውር አየሩ ላይ ያለ ሻጋታ እንዳይገባባቸው ሣጥን ያስፈልገኛል። አባቴ ከዕቃ ቤት የአሮጌ መስኮት መስታወት አወጣ፣ በካርቶንና በፕላስተር አጋጥሞ እጅ ማስገቢያ ቀዳዳ ያለው ሣጥን ሠራልኝ። እያንዳንዱን ጥግ በጥፍሩ እየነካ «እዚህ ይተነፍሳል» እያለ ያሽግ ነበር። እኔ በአልኮል እወለውላለሁ። ኤዶን የሚፈላውን ምግብ አማስይልኝ ብያታለሁ፤ ስኳሩ፣ ማዕድኑ፣ የባህሩ ዱቄት፣ ከጥቁሩም ፈሳሽ ጥቂት ጠብታ ገብቶበታል። ከጎኑ በሌላ ድስት የአማቾቿ ጄሊ በቀይ ሽሮፕ ይፈላል።

ጠርሙሶቹን ይዤ ስገባ ወጥ ቤቱ ሸተተኝ። አወቅኩት። ግን ማመን አቃተኝ። ድስቱ ላይ ጎንበስ አልኩ።

ሄል! ለሻይ፣ ለሩዝ፣ ለሐልዋ የሚገባው ሄል! የተወቀጠው ነጠብጣብ ላይ ላዩን ይዋኛል።

«ኤዶ! ምን አደረግሽ?!»

«ምን አደረግኩ?»

«ሄል ጨመርሽበት! ይሄ ለሰው ነው እንዴ? ማን ጨምሪ አለሽ? ዱቄቱ አልቋል! ሌላ የለኝም! ነገ ዳዊት ይመጣል፣ አባዬን ይዞት ይሄዳል፣ በቃ ገደልሻት!»

ሌላም ብያለሁ፤ አልደግመውም። ኤዶ ማማሰያውን እንደያዘች ቀረች።

«ወላሂ ማርቲ፣ አስቤ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «ፆመኛ ነኝ፣ አልቀምሰው። ረመዳን የማበስለው ሁሉ በአፍንጫዬ ነው። ይሄ ድስት የባህር ሽታ ሸተተኝ፣ ደስ አይልም፤ ሄል ያጠፋዋል ብዬ... እጄ ራሱ ሄደ። እኔ እኮ አስካለን...» መጨረስ አቃታት። ወደ ቀዩ ድስት ዞረች። «የኔን ውሰጂው። አማቾቼ ቴምር ይበቃቸዋል።»

«እሱ ደግሞ ሽሮፕ ገብቶበታል» አልኩ። ከግድግዳው ተደግፌ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። ገባና ድስቱን እንደ ሞተር ጎንበስ ብሎ መረመረ።

«ይገድላታል?» አለኝ።

«አላውቅም አባዬ። ማንም ሞክሮት አያውቅም።»

«እንግዲያው ለምን ታለቅሳላችሁ?» አለ። «ወይኗ የድሬ ልጅ ናት። ዕድሜዋን በዚህ አጥር ላይ የሩቂያን ወጥ ቤት ስታሸት ነው የኖረችው። ሄል አታውቅም እንዴ?»

ኤዶ ከእንባዋ መሃል ሳቋ አመለጣት፣ እኔም መቻል አቃተኝ። ተነስቼ ግንባሯን ሳምኳት። «ይቅር በይኝ» አልኳት። «ሂጂ ወዲያ፣ እናትሽም እንዲሁ ነበረች» አለችኝ።

በንጹሕ ጨርቅ አጠለልነው፤ ነጠብጣቡ ወጣ፣ ሽታው ግን ቀረ። በጠርሙስ ቀዳን፣ ጀርሙ እንዲሞት በሚያፏጨው ድስት በእንፋሎት ቀቀልነው፣ እስኪበርድ ጠበቅን። ሲረጋ ጠርሙሱን አጋደልኩት። አልተንቀሳቀሰም።

ለማዛወር እጄን ሣጥኑ ውስጥ አስገባሁ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፣ ደግሞ ሦስት ብቻ ናቸው። ወረንጦው ሁለቴ ሳተ። አባቴ እጅጌውን ሰብስቦ እስከ ክርኑ ታጠበና «ወዲህ በይው፤ አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ ልያዝ» አለኝ። አንድ በአንድ ነገርኩት፤ እሱም ትንፋሹን ይዞ አንድ በአንድ ተከላቸው። ኤዶ በሩን ዘግታ ነፋስ እንዳይገባ ጀርባዋን ሰጥታው ቆማለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ዱዓ ታደርጋለች። የመጨረሻውን ክዳን ስናጠብቅ አዛን አለ። በውሃና በቴምር አፈጠረች፤ እኛንም አጎረሰችን፤ ከዚያ ቀዩን ጄሊ ይዛ ወደ አማቾቿ ሮጠች።

ዳዊት ቅዳሜ በቀትር ደረሰ። ሦስቱ ጠርሙሶች ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ ሙቀቱ ያው የሐሙሱ ሙቀት ነው፣ ቡቃያዎቹ ግን ቀጥ ብለው ቆመዋል። ሻንጣ ሊያዘጋጅ ሲገባ አባቴ እጁን ይዞ ጎትቶ አመጣውና አሳየው።

«እንግዳ አለብኝ» አለው። «ሥሯን እስክታሳየኝ አልሄድም።»

«አባዬ፣ ባታወጣስ?»

«ይመለሳል፣ ቁጭ በል» አለው።

ዳዊት ወደ እኔ ዞረ፤ ወራት ሙሉ «እ» ብቻ ሲል የነበረው ሰውዬ የት ሄደ ብሎ ነው። ዓይኑ እንባ ሞላ። ሻንጣውን ባዶውን ይዞ ተመለሰ።

ከሦስቱ አንዷ ሻገተች፤ የወጥ ቤት ሥራ ነውና አይገርምም። አንዷ ሳታድግ ሳትሞት ቆይታ ጠወለገች። ሦስተኛዋ ግን አንድ ጠዋት አባቴ «ማርታ! ማርታ!» ብሎ ሰፈሩን ቀሰቀሰ፤ በጠርሙሱ ሥር እንደ ክር የቀጠነ ነጭ ሥር ወርዷል። አፈር ስናለማምዳት በፕላስቲክ ሸፍነን፣ ጥቁሩን ፈሳሽ በብዙ ውሃ አቅጥነን ቅጠሏ ላይ እየረጨን፣ ቀትሩን ከጥላ ጥላ እያዟዟርን ነው። አባቴ ጠዋትና ማታ ክዳኑን እያነሳ ያሸታታል። «ጅቡቲ ደህና አደርሽ» ይላታል።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ከዚህ ምን ትወስዱ እንደሆነ አላውቅም። ተክል የምታባዙ ካላችሁ የሙያዬን ልንገራችሁ፤ የሱቁ ዱቄት ከፓኬት ፓኬት ይለያያል፣ መጀመሪያ ትንሽ አርግታችሁ ፀሐይ ላይ ፈትኑት። ጥቁሩን ፈሳሽ አታብዙት፤ ሲበዛ ያቃጥላል። ሄሉን ግን አልመክራችሁም! ረዳት ይሁን ጎዳት እስካሁን አላውቅም። አንዲት ወይን ስለዳነች ሳይንስ አይሆንም።

እኔ ላይ የመጣውን ለውጥ ግን አውቀዋለሁ። ያኔ እኔም አባቴን ተከትዬ አዲስ አበባ ልሄድ፣ ሙያዬን ልተው በልቤ ጨርሼ ነበር። ዛሬ ከጓሮ ያለችው ክፍላችን የሥራ ቦታዬ ናት። ሙዝ አባዛለሁ፣ ወይን አባዛለሁ፤ ዱቄቱን ኤዶ ከዕቃዋ ጋር ታስመጣልኛለች። የሚያስፈልገኝን ነገር ከሩቅ አገር ሳዝዝና ስጠብቅ ኖሬ፣ በየዓመቱ በሳህን በአጥር ሲሰጠኝ ነበር። አሁን ሰው ጋር ስበላ ምን እንደሆነ እጠይቃለሁ። ንዴቴ? እሱ እንዳለ ነው፤ ግን አሁን ከጮህኩ በኋላ ሳይሆን ከመጮሄ በፊት አባቴን አየዋለሁ።

ወይኗ የብረቱን ዳስ ግማሹን ይዛለች። ዘንድሮ ረመዳን ላይ የመጀመሪያውን ዘለላ ሰጠችን፤ ትንሽዬ ናት፣ በመዳፍ ትገባለች። አባቴ አንድ ፍሬ ቀምሶ ዓይኑን ጨፈነና «ሄል ሄል ይላል» አለ። በጠርሙስ የገባ ሄል ፍሬ ላይ እንደማይደርስ አስረዳሁት። «አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እኔ ግን በላሁት» አለኝ።

የቀረውን በሳህን አድርጎ፣ በትንሿ በር ራሱ ይዞላት ገባ። ኤዶ ተቀበለችው። ፆመኛ ናት፤ አሸተተችውና ጨርቅ አልብሳ አስቀመጠችው። አዛን ሲል ቴምሯን ትታ ከወይኑ አንድ ፍሬ አነሳች። ቢስሚላህ አለች። ቀስ ብላ አኘከች፤ ዓይኗ ባዶ ወንበር ላይ ነበር፣ እናቴ ትቀመጥበት የነበረው ላይ። አባቴና እኔ አፏን አፏን እናያለን።

«የአስካለ ናት» አለች። እንባዋን በሻሿ ጠረገች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ሄሉ ብቻ ትንሽ አንሷታል።»